ሀብትነሽና አምስቱ ገማቾች

ሀብትነሽን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው አስፋልት ላይ ተኝቶ ያለፈ መንገደኛ መሆን አለበት። ቀበሌያችን ከአስፋልቱ ገባ ብላ የተደበቀች ናት፤ የሀብትነሽ ሳቅ ግን አስፋልቱን ተሻግሮ ማዶ ያሉትን ውሾች ያስጮሃል። ገበያ ስትወጣማ ጉድ ነው። ቡሬ ላይ አንድ የሽንኩርት ነጋዴ ግማሽ ቀን ሙሉ ሲከራከራት ውሎ፣ "እታለም፣ ሽንኩርቱንም ውሰጅ፣ ሚዛኑንም ውሰጅ፣ ብቻ እኔን ተይኝ" ብሎ ለመናት አሉ። ሽንኩርቱን ወሰደች። ሚዛኑን ግን፣ "ይኸ ውሸታም ምን ያደርግልኛል" ብላ ተወችለት።

ባሏ ሲሞት ገና ልጅ እግር ነበረች። አገሩ ሁሉ "ዛሬ ታገባለች፣ ነገ ታገባለች" እያለ ወሬውን ጠምቆ ጠምቆ ሊጠጣ ሲል፣ "አንዱን ቀብሬ ገና እግሬን አልታጠብሁ" ብላ ድፍድፉን ደፋችበት። ከባሏ የቀራት ወንዝ ዳር ያለ ሁለት ቃዳ መሬት ነው፤ ግማሽ ሄክታር ማለት ነው። ያኔ ጥጃ የነበረው ዳልቻም ቀርቷታል፤ ዛሬ ብዙ ክረምት ያረሰ በሬ ነው። አንድ ልጅ አላት፣ ወንድምአገኝ፤ እሱ አድጎ ፍኖተ ሰላም ላይ ባጃጅ ይነዳል፤ ለበዓል ለበዓል ብቅ ብሎ እናቱን በባጃጅ አንዴ ያዞራትና ይመለሳል።

በእኛ አገር ሴት እርፍ አትጨብጥም። ለምን ብዬ ጠይቄ የተሰጠኝን መልስ ሁሉ ብጽፈው በሬ ያስቃል። ብትጨብጥስ ዳልቻ አንድ ነው፤ አንድ በሬ ብቻውን አያርስም። ስለዚህ ሀብትነሽ ከባምላኩ ጋር በሬ ታጣምር ነበር። ባምላኩም እንደሷው ባለ አንድ በሬ ነው። የራሱን ወይኖንና የእሷን ዳልቻን በአንድ ቀንበር ጠምዶ፣ ዛሬ የራሱን መሬት፣ ነገ የእሷን ያርሳል። መቀናጆ እንለዋለን። መቀናጆ ከማንም ጋር አይገባም፤ ሚስቱን በአንድ ቀን የመረጠ ሰው የበሬውን ጓደኛ ለመምረጥ ዓመት ያስባል።

ባምላኩ ደግሞ ለሀብትነሽ የበሬ ጓደኛ ብቻ አልነበረም፤ አበልጇ ነው። ወንድምአገኝን ክርስትና ያነሣው እሱ ነው። ወንድም ቢከዳህ "እናቴ የሰጠችኝ ነው፣ እኔ አልመረጥሁት" ብለህ ትጽናናለህ። አበልጅን ግን ራስህ መርጠህ፣ ታቦት ፊት አቁመህ፣ ልጅህን አሳቅፈህ ነው። ባምላኩና ሀብትነሽ ስንት ዘመን አብረው ሲኖሩ አንድም ቀን አንተ አንቺ ተባብለው አያውቁም፤ "አበልጄ" እየተባባሉ በአንቱታ ነው። የበዓል ቀን የመጀመሪያው ዋንጫ የእሱ ነበር፤ የለበሰውን ጋቢ እንኳ የፈተለችለት እሷ ናት።

ነገሩ የመጣው በጥቅምት ነው፤ የሀብትነሽ በቆሎ ፍሬውን ቋጥሮ ሊደርቅ ሲል። ሰው ሁሉ ለንግሥ ቤተ ክርስቲያን በወጣበት ቀን የያረጋል ድልቦች አጥሯን ጥሰው ገቡ። ያረጋል በሬ እያደለበ ቡሬ የሚሸጥ ሰው ነው፤ በቀበሌያችን ቤቱን ባለ ቀለም ቆርቆሮ ያለበሰ የመጀመሪያው እሱ ነው። "ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ" ይባላል። በሬዎቹ ተረቱን ባያውቁ አይፈረድባቸውም፤ ጌታቸው ግን ያውቃል። ሕዝቡ ታቦቱን አስገብቶ ሲመለስ ከእርሻው ግማሽ በላይ ተኝቷል። ድልቦቹም ጠግበው ተኝተዋል፣ እዚያው በቆሎው ላይ።

ሀብትነሽ እርሻው መሐል ቆማ የተሰበረውን አገዳ አየች፣ የቆመውን አየች፣ በልቧ አሰላች።

"አስራ ስምንት ኩንታል ካልመለሰልኝ" አለች፣ "ሐምሌና ነሐሴን የምበላው ዳልቻን ሸጬ ነው።"

ይህ ማለት ምን እንደሆነ ሁላችንም ገባን። ዳልቻ ከተሸጠ መቀናጆ የለም። መቀናጆ ከሌለ መሬቱ ለእኩል አራሽ ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ የገዛ መሬቷ ምርት ግማሹ የሌላ ሰው ነው። አንዴ ከእጅ የወጣ በሬ ደግሞ ተመልሶ ሲገባ አይተን አናውቅም።

እንዲህ ያለ ጥፋት ሲደርስ እኛ ዘንድ ገማች ይቆማል። የተጎዳው ሁለት ሰው ይጠራል፤ የጎዳው ሁለት ሰው ይጠራል፤ አምስተኛውን ሁለቱም ይስማሙበታል። አምስቱ እርሻውን ለየብቻ ይዞራሉ። የጠፋው ስንት ኩንታል እንደሆነ እያንዳንዱ ይገምትና ያን ያህል ጠጠር ለቅሞ፣ ለማንም ሳያሳይ በጋቢው ጫፍ ይቋጥራል። ከዚያ በየተራ ያፈሳሉ። ክምሮቹ ከትንሹ እስከ ትልቁ ይደረደራሉ፤ ሦስተኛው፣ መሐል ያለው ክምር ዳኛ ነው። ዳር ያሉት ይታያሉ እንጂ አይፈርዱም። አንዱ ዋሽቶ አንድ አህያ ጭነት ጠጠር ቢያፈስ ዳር ላይ ብቻውን ጎልቶ ይቀራል፤ መሐሉን አይገፋውም። ይህን ሥርዓት ያወጡ አያቶቻችን ሰውን አሳምረው ያውቁት ነበር ማለት ነው። ደግሞ ገማች ስለ ጠጠሩ አይጠየቅም። ያፈሰሰውን አፈሰሰ፤ "ለምን?" ማለት ነውር ነው።

በእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ ዋንዛው ሥር ተሰበሰብን። ሀብትነሽ ባምላኩንና የባሏን ወንድም ቂርቆስን ጠራች። ያረጋል አማቹንና ደረሰን ጠራ፤ ደረሰ ጥንድ በሬና ወፍጮ ቤት ያለው፣ ከያረጋል ቤት ጠላ የማይጠፋ ሰው ነው። አምስተኛው መሪጌታ ክንፈሚካኤል ሆኑ። የቅኔ መምህራችን ናቸው፤ የሚናገሩት የሚገባን በማግስቱ ስለሆነ ማንም ተቀይሟቸው አያውቅም።

ነገሩ ተቆርጦ ሊያልቅ ሲል የግብርና ባለሙያው ወንዳወቅ ሞተር ሳይክሉን አቁሞ ጠጋ አለ። ጥሩ ልጅ ነው፤ ጥፋቱ የተማረውን ሳያሳድር ማካፈሉ ብቻ ነው።

"ይቅርታ አድርጉልኝና" አለ፣ "አምስት ሰው አድክማችሁ የአንዱን ብቻ ትወስዳላችሁ። የአራቱ ቃል የት ይገባል? ለምን አማካይ አትወስዱም? የአምስቱን ደምራችሁ ለአምስት ማካፈል ነው። ሁሉም ይሰማል፤ የማንም ቃል አይወድቅም።"

ሰው አጉተመተመ። አነጋገሩ ጣፋጭ ነው። "ሁሉም ይሰማል" ሲባል የሚጠላ ማን አለ?

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጄ፣ እኔን ጨምሮ እዚህ አራት ባለ አንድ በሬዎች ቆመናል። ያረጋል ሃያ ስድስት አለው። አምስታችንን ደምረህ ብታካፍለን በነፍስ ወከፍ ስንት ይደርሰናል?"

ወንዳወቅ ስልኩን ሳያወጣ መለሰ። "ስድስት ስድስት፣ የኔታ።"

"ዛዲያ የቀሩት አምስት በሬዎቼ የት ነው የሚግጡት? ሂድና ንዳልኝ።"

ዋንዛው ሥር ሳቅ ሆነ። የመሪጌታ ዕጣ ይኸው ነው፤ ሰው ይስቅላቸዋል እንጂ አይሰማቸውም። "አንድ ዳር የወጣ ሰው ሁላችንን ይጎትታል ማለቴ እኮ ነው" አሉ፤ ማን ሰምቷቸው።

ያረጋል ግን ፊቱን አጨማዶ ተነሣ። "እኔስ የአባቶቻችን ይሻለኛል። አዲስ ነገር ይቅርብን፤ መሐሉ ይበቃናል።"

ይኸኔ ሀብትነሽ ጆሮዋን አቆመች። ገበያ ያስተማራት አንድ ነገር አለ፤ ነጋዴው "አይሆንም" ብሎ የጮኸበት ዋጋ ላይ ነው የገዢ ጥቅም ያለው። ያረጋል የሚሸሸው ነገር ለእሷ የሚበጅ መሆን አለበት። ደግሞም በልቧ አሰላችው። በመሐሉ ሕግ አበልጇ የቱንም ያህል ከፍ አድርጎ ቢገምትላት ዳር ላይ ቆሞ ይቀራል። በአማካዩ ግን አንድ ደፋር ሰው ሁሉንም ወደ ላይ ይዞ ይወጣል። ደፋር ሰው ደግሞ አላት።

"በአማካይ ይሁን!" አለች። "የሰው ቃል ለምን ይጣላል? የአምስቱም ይቆጠር።"

"እሜቴ፣ ኋላ እንዳይጸጽትሽ" አለ ያረጋል።

"ለእኔ ጸጸት አንተ ምን አስጨነቀህ? በሬዎችህን ጠብቅ።"

ያረጋል ተከራከረ፣ አኮረፈ፣ በመጨረሻም እጁን እንደ ተጠመዘዘ ሰው "እሽ" አለ። ዋስ ተጠራ፤ ነገሩ ታሰረ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ሀብትነሽ ባምላኩን ከሰው ነጠል አድርጋ ያዘችው። ቂርቆስ ከኋላቸው ነበር፤ ይህን የነገረኝ እሱ ነው፤ ለእኔ ብቻ ነው የነገረኝ፣ እንደ ሌሎቹ ሁሉ።

"አበልጄ፣ ሠላሳ ስድስት ይበሉልኝ።"

ባምላኩ ቆመ። "ሠላሳ ስድስት? እርሻው በሙሉ ቢታጨድ እኮ እሱን አይሰጥም።"

"ሌሎቹ ሃያ ሃያ ቢሉ የአንቱ ሠላሳ ስድስት ሲደባለቅበት ሁሉንም ይስበዋል። ሦስት ኩንታል ይጨምርልኛል። የያረጋል ሰዎች ዝቅ ቢያደርጉብኝም ያካክስልኛል።"

"ኃጢአት አይሆንም?"

"ያረጋል በሬ ሲለቅብኝ ንስሐ ገብቶ ነበር?"

"እሽ አበልጄ" አለ። "ጠጠሩ ከባድ ነው እንጂ።"

"ጋቢው ቢቀደድ ሌላ እፈትልልዎታለሁ።"

ማክሰኞ ጧት ገማቾቹ እርሻውን ዞሩ። መሪጌታ በየተሰበረው አገዳ ላይ ጎንበስ እያሉ ፊደል እንደሚቆጥር ሰው አነበቡት። ደረሰ የወደቀውን እሸት ላጥ ላጥ እያደረገ ፍሬውን አየ። ባምላኩ ቶሎ ጨርሶ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጠበቀ። ሀብትነሽ ስታልፍ የጋቢውን ቋጠሮ በሁለት እጁ አቅፎት ነበር፤ ክብደቱ ነው ብላ አዘነችለት።

ማፍሰሱ ተጀመረ። ቂርቆስ ሃያ ሁለት አፈሰሰ። መሪጌታ ሃያ። የያረጋል ሰዎች ሲቀርቡ ሁላችንም አንገታችንን አሰገግን፤ አምስት ስድስት ብለው ሊያናድዱን ነው ብለን ነበር። አማቹ አስራ ዘጠኝ አፈሰሰ። ደረሰ አስራ ስምንት። ሕዝቡ በመገረም አጨበጨበላቸው። ያረጋል ቀና ብሎ እንኳ አላያቸውም። ሀብትነሽ ደስታዋን መደበቅ አቅቷት ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ጠላት እንኳ እውነቱን ካፈሰሰላት፣ ወዳጅማ ተራራ ሊያፈስላት ነው።

ባምላኩ ተነሣ። የጋቢውን ቋጠሮ ፈታ። አንድ ጠጠር ወደቀች።

ሌላው እስኪወድቅ ጠበቅን። አልወደቀም።

"አበልጄ" አለች ሀብትነሽ፣ "መንገድ ላይ ፈሶብዎት ነው?"

"አልፈሰሰም።"

"ያራግፉት እስቲ። ጥለቱ ይዞት ይሆናል።"

ባምላኩ ጋቢውን አራገፈ። ትንሽ ገለባ በረረ። "ዓይኔ ያየው ይኸው ነው" አለ፤ ዓይኑን ግን ከመሬት አላነሣም።

ወንዳወቅ ስልኩን አውጥቶ ደመረ። "ሰማንያ" አለ። ቆይቶ፣ "ለአምስት ሲካፈል... አስራ ስድስት።"

መሪጌታ ማንም ሳያዛቸው ክምሮቹን በበትራቸው እየገፉ ደረደሯቸው። አንድ፣ አስራ ስምንት፣ አስራ ዘጠኝ፣ ሃያ፣ ሃያ ሁለት። በትሩን መሐል ላይ አሳረፉት። "በድሮው ቢሆን አስራ ዘጠኝ ነበር" አሉ። "ባምላኩ አንድ ቢል፣ ሺ ቢል፣ ከአስራ ዘጠኝ አይወርድም፣ ከሃያ አይወጣም ነበር። እሱን የሚገዛው ሰው አይኖርም ነበር፤ ምን ሊያደርግለት ይገዛዋል?"

"የኔታ፣ ዋስ ጠርተናል" አለ ያረጋል በለሆሳስ። "በአማካይ ይሁን ያለችው እሷ ናት። እኔማ እምቢ ብዬ ነበር፤ ሰው ይመስክር።"

ሰው መሰከረ፤ ምን ያድርግ፣ እውነት ነው። በእሑዱ ያረጋል እንዴት እንዳኮረፈ ያስታወስሁት ያን ጊዜ ነው። ያን ማኩረፍ ይዞ ትያትር ቤት ቢገባ በሬ ከማድለብ ይልቅ ያዋጣው ነበር።

ሰው ሲከዳ መጀመሪያ የሚዋሸው የተከዳው ራሱ ነው። ሀብትነሽ ያን ሰሞን ለባምላኩ ያልፈለሰፈችለት ምክንያት የለም። "ዓይኑ ደክሞ ነው።" "አስፈራርተውት ይሆናል፤ ድሃ ነው፣ ምን ያድርግ።" "በጠጠር ሳይሆን በሌላ ነገር ሊገምት አስቦ ተሳስቶ ነው።" ቂርቆስ፣ "ኧረ ሴትዮ፣ ባንቺ ላይ ነው የጨከነ!" ቢላት፣ "አበልጄን አትንካብኝ" ብላ ገሠጸችው። ወንድምአገኝ ከፍኖተ ሰላም በባጃጁ እየበረረ መጥቶ ባምላኩ ቤት ሊሄድ ሲነሣ በሩ ላይ ቆማ መለሰችው። "ክርስትና አባትህ ነው። መጠየቅ ያለበት ከሆነ እኔ እጠይቀዋለሁ" አለችው። በታኅሣሥ፣ አስራ ስድስቱ ኩንታል ተሰፍሮ ተሰጣት። ያረጋል አንዲት ጣሳ እንኳ አላጎደለም። በፍርዱ የረካ ሰው በስፍር አይሰስትም።

የካቲት ገባና የመጀመሪያው እርሻ ደረሰ። እህሉ እስከ ነሐሴ እንደማይደርስ ታውቃለች፤ ቢሆንም ቢያንስ እስከ ክረምት ዳልቻ ይረስ፣ ከዚያ በፊት እግዜር አንድ ነገር ያመጣል ብላለች። በጧት ተነሥታ፣ እንደ ወትሮው ዳልቻን በገመድ ይዛ ባምላኩ በር ደረሰች። ሚስቱ ወጥታ፣ "ቀድሞ ሄዷል" አለች፣ የቤቱን ምሰሶ እያየች። ሀብትነሽ ወደ እርሻው ወረደች።

ወይኖ ተጠምዷል። በቀንበሩ በሌላው በኩል አንድ ትልቅ ቀይ በሬ አለ፤ ትከሻው እንደ ቤት ጣራ የሰፋ። ከያረጋል ድልቦች አንዱ ነው፤ አገሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ የሀብትነሽ በቆሎም ያውቀዋል።

ባምላኩ አያት፤ ጅራፉን ያዘ እንጂ አላጮኸም። ሀብትነሽ ያን ሁሉ ወር ስትሸምነው የኖረችው ምክንያት ባንድ ጊዜ ተተረተረ። ገመዱ ከእጇ ሾለከ። ዳልቻ በልማዱ ማሳውን አቋርጦ ሄደና ከወይኖ አጠገብ ቆመ። አንገቱን ዝቅ አደረገ፤ ቀንበሩ እስኪጫንለት ጠበቀ። ባምላኩ "ሂድ" አለው በቀስታ። አልሄደም። "ሂድ እንጂ!" አለው። ወይኖ ፊቱን መልሶ አሸተተው። ሀብትነሽ መጥታ ገመዱን እስክታነሣ ድረስ ያ በሬ ከቦታው አልተነቃነቀም።

ቅዳሜ ቡሬ ወስዳ ሸጠችው። በነቀምት መንገድ የሚሄድ ኢሱዙ ላይ ጫኑት። ለመጫን አላስቸገረም አሉ፤ ሰው የመራው ቦታ የሚገባ በሬ ነው።

በሚኒባሱ ስትመለስ እኔም ከኋላ ወንበር ነበርሁ። መገንጠያው ላይ ስንወርድ ባምላኩ ቆሞ ይጠብቃታል። ጫማዬ ማሰሪያ የለውም፤ ቢሆንም ጎንበስ ብዬ ሳስር ቆየሁ።

"አበልጄ" አለ። "ሸጡት?"

"ሸጥሁት።"

"ምነው ቢያማክሩኝ።"

"ምን ያደርጉልኝ ነበር? አንድ ጠጠር ሊጨምሩልኝ?"

ባምላኩ ጋቢውን ወደ ትከሻው ሳበ። "አንቱም እኮ ንጹሕ አልነበሩም። ሠላሳ ስድስት በል አሉኝ። ያረጋል አንድ በል አለኝ። ሁለቱም ውሸት ነው። እሱ በሬ ሰጠኝ። ዳልቻ አርጅቷል፤ ወይኖ ብቻውን ሲጎትት ስንት ዘመኑ፤ እኔ አንድ ቀን ተናግሬ አውቃለሁ?"

ሀብትነሽ፣ "ልክ ነው" አለች። "ዋሹልኝ ብያለሁ፤ ለእሱ እግዜር ይጠይቀኛል። ግን ያን የለመንሁት ሌላ ሰው ስላልነበረኝ ነው። ዳልቻ ካረጀ 'ዳልቻ አርጅቷል' የምትለዋ ቃል ምን ታህል ነበረች? ቤቴ ተቀምጠው ሲበሉ፣ ሲጠጡ፣ ልጄን ሲመርቁ፣ በየቱ ቀን ቢሏት ትከብድ ነበር? አንቱ ግን አልነገሩኝም፤ ሸጡኝ።"

ባምላኩ የመጣበት ጉዳይ ግን ይህ አልነበረም። ትንሽ ተቁነጠነጠ፣ አስፋልቱን አየ፣ አንድ የጭነት መኪና እስኪያልፍ ጠበቀ።

"መሬቱን... ለእኩል መስጠትዎ አይቀርም" አለ። "ለባዳ ከሚሰጡት እኔ የማውቀው መሬት ነው። ድንጋዩን ከነቦታው አውቀዋለሁ። አሁን ደግሞ ጥሩ ጥንድ አለኝ።"

እኔ የሌለውን ማሰሪያ ፈትቼ እንደ ገና ማሰር ጀመርሁ። ሀብትነሽ አበልጇን፣ ልጇን ክርስትና ካነሣበት ቀን ጀምሮ አንድም ቀን አይታው እንደማታውቅ ሰው አየችው።

"ለደረሰ ሰጥቼዋለሁ።"

"ለደረሰ? ደረሰ እኮ የያረጋል ሰው ነው!"

"አዎ" አለች። "የማን ሰው እንደሆነ የማውቀው እሱን ብቻ ነው።"

መንገዱን ግራና ቀኝ አይታ ተሻገረች።